መስመሩ ለምን ይዘላል

ለእንቅልፍ የሚያስፈልገው ሁሉ ተሟልቷል፤ መጋረጃው ወፍራም ነው፣ በሩ ተቆልፎ መቆለፉ እንደገና ተሞክሯል፣ ከላይ ያለው ጎረቤት ወደ ሥራው ሄዷል፤ የቀረው እንቅልፉ ብቻ ነው። ውጭ ጠራራ ፀሐይ ነው፣ ሰው ይወጣል ይገባል፣ መሐንዲሱ ግን ሌሊቱን ሲሠራ አድሮ ቀኑን ሌሊት ነው ብሎ ራሱን ሊያታልል ይታገላል፣ ራሱ ደግሞ በዋዛ የሚታለል አይደለም፣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ እየተባለ ያደገ ራስ ነው። በስምንት ሰዓት አለቃዋ ቢሮ መገኘት አለበት። ማስረጃህን ይዘህ ና ብላዋለች፣ አብሮህ የሚሠራውንም ሰው እጠራዋለሁ ብላለች። ማስረጃ ሞልቷል፣ ስንት ሌሊት ከመለኪያው የተቀዳ መስመር አለ፣ የማስረጃ ችግር የለበትም። በስምንት ሰዓት ያ ሰው እዚያ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ሥራ አበላሽ ሲባል ይሰማል፤ እንደ እሱ ከሌላ አገር የመጣ ሰው ነው፣ ሥራው ከሄደ የመኖሪያ ፈቃዱም አብሮ ይሄዳል። ታዲያ ማን አድርግ አለው? ደግ አደረግኩ፣ ይላል መሐንዲሱ፣ ወደ ግድግዳው ይገለበጣል። ደግ አደረግኩ እኮ። ደግ ያደረገ ሰው ይህን ያህል እንደማይደጋግመው ልቡ ያውቃል፣ ግን ልቡን ማን ጠየቀው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እሱ የሚሠራው ማግኔት የሚያይ ዓይን ነው፣ ሴንሰር ይሉታል፣ ከጥፍር የምታንስ ነገር ናት። ኤሌክትሮን የምትባለው ቅንጣት ራሷ ሚጢጢ ማግኔት ናት፣ ወይ ወደ ላይ ወይ ወደ ታች ታያለች፣ ስፒን የሚሉት ይህንን ነው። ሁለት ስስ የብረት ንጣፎች አሉ፣ በመካከላቸው ከሁለቱም የሳሳ መጋረጃ አለ፤ ንጣፎቹ ወደ አንድ አቅጣጫ ካዩ ኤሌክትሮኖቹ መጋረጃውን አልፈው ይሄዳሉ፣ ፊትና ጀርባ ከሆኑ ማለፉ ይከብዳቸዋል፤ እንደ ባልና ሚስት ነው፣ ከተስማሙ እንግዳ ይገባል፣ ከተኮራረፉ እንግዳው ደጅ ይቆማል። አጠገቡ ብረት ሲያልፍ አንደኛው ንጣፍ ዘንበል ይላል፣ ብረቱ የሚታወቀውም በዚያች ዘንበል ማለት ነው። ይህን የሚያደርግ ሞልቷል፤ የእሱ ልዩነቱ ኤሌክትሪክ አይበላም። መንገድ ሥር ተቀብሮ መኪና ሲያልፍ እንዲያውቅ፣ በአንዲት የሰዓት ባትሪ ለዓመታት እንዲኖር ነው የነደፈው፤ ይተኛል፣ ለጥቅሻ ያህል ነቅቶ ያዳምጣል፣ ኮሽታ ከሌለ መልሶ ይተኛል። የማይተኛ ሰው የሠራው እንቅልፋም፣ ይላል አንዳንዴ ብቻውን ይስቃል። ጥሩ ቀልድ ናት፣ የሚነግረው ሰው ግን የለም።

መለካቱ ሌሊት የሆነው ቀን ቀን አሳንሰሩ ስለሚወጣና ስለሚወርድ፣ ከባድ መኪናም ስለሚያልፍ ነው፤ ብረት ሁሉ ይረብሻል። ወደ መለኪያው ክፍል ሲገባ ሰዓት፣ ቁልፍ፣ ቀበቶ፣ ስልክ፣ ብረት ያለው ጫማ ሁሉ በር ላይ ይቀራል፤ ሱሪ በገመድ ታስሮ፣ የላስቲክ ነጠላ ጫማ ተደርጎ ነው የሚገባው፣ ያን ጊዜ ያያቸው ሰው መሐንዲሶች ናቸው ቢሉት አያምንም። ያኛውን ሰው ኮቴ የለሹ ያለው በዚህ ነው። ስሙን ያወጣለት በልቡ ነው፣ ከእሱ ሌላ ማንም አያውቀውም፤ ሁለቱም የሚያደርጉት ያንኑ ጫማ ነው፣ ግን የራሱን ኮቴ አለመሰማት ማን ልብ ይላል። ክፍሉ ውስጥ ሁለት ጠረጴዛ፣ ሁለት ሰው፣ ሁለት ሴንሰር፤ አለቃዋ ከሁለቱ አንዱን ይዛ ትቀጥላለች፣ ሌላው ውሉ አይታደስም። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ የማይጠረጥር ሰው ሞኝ ነው። የኮቴ የለሹ መሣሪያ ደግሞ ብርድ ይወዳል፤ ተራው በሆነ ሌሊት ማቀዝቀዣውን ከፍ ያደርገዋል፣ መሐንዲሱ እናቱ የሠራችለትን ሹራብ ደርቦ፣ እየተንቀጠቀጠ ይሠራል። ሰውየው በሌለ ሌሊት ክፍሉ ይሞቃል፣ በሸሚዝ ይሠራል፣ ስክሪኑ ላይ ሴንሰሩ የሚስለው መስመር ዝርግ ብሎ ይተኛል። ሰውየው ሲኖር መስመሩ ይዘላል። ሁልጊዜ ነው፣ አንድም ቀን አልሳተም።

ይዘላል ስል ዝም ብሎ አይደለም። መሐንዲሱ ግራ ክንዱን ሴንሰሩ ካለበት ሣጥን አጠገብ አስደግፎ ስክሪኑን ያያል፣ ምንም የለም። ሆዱ ይጠረጥራል። ዞር ብሎ ኮቴ የለሹን የጎሪጥ ያየዋል፣ ሰውየው ጎንበስ ብሎ ይሠራል፣ ጨዋ መስሎ። ሲመለስ መስመሩ ዘሏል። ዞር ባለ ቁጥር ነው። እሱ ዞር እስኪል ድረስ ይጠብቃል ማለት ነው፣ አለ በልቡ፣ ከኋላ ሆኖ ማግኔት ያወዛውዛል ማለት ነው፣ ከዚህ ወዲያ እጅ ከፍንጅ የለም። አንድ ቀን ሰውየው በር ላይ ያቆየለትን ሻይ ያቀብለዋል፤ አመሰግናለሁ ብሎ ይቀበላል፣ ሲወጣ ይደፋዋል። ሌላ ቀን፣ “ሹራብህ ያምራል፣ ማን ሠራው?” ይለዋል። “ለምን ጠየቅከኝ?” “አይ፣ የእጅ ሥራ ስለሆነ።” የእጅ ሥራ ስለሆነ ይላል እንዴ ሰው? ሹራቡ የእጁን አንጓ ይቧጭረዋል፣ ሱፍ ስለሆነ ነው፣ እያከከ ስለ ሰውየው ያስባል። በር ላይ የተሰቀለ ካፖርቱንም አንድ ሌሊት ፈትሿል። ግማሽ ብስኩትና አንዲት የሕፃን ካልሲ ነው ያገኘው። ካልሲዋን ገልብጦ ውስጧን አየ፣ ማግኔት አልነበረባትም። ብልጥ ነው፣ አለ፣ ኪሱ ውስጥ አያስቀምጥም። ትናንት ወደ አለቃዋ ገብቶ ነገራት። ደንግጣ፣ እርግጠኛ ነህ ወይ አለችው፣ እርግጠኛ ነኝ አላት።

እንቅልፍ የለም፤ ክፍሉ ይበርዳል፤ ተነሥቶ ሹራቡን ለበሰ፣ መልሶ ተጋደመ። ከኮቴ የለሹ ሲላቀቅ ሐሳቡ ወደ እህቱ ይሄዳል፣ ሁልጊዜ እንዲሁ ነው፣ ከአንዱ ተነሥቶ ሌላው ላይ ያርፋል። ታላቅ እህቱ ናት፣ እትዬ ይላታል፣ ከእናታቸው ጋር የምትኖረው እሷ ናት፣ ከነባሏ። እሱ ከመጣ ወዲህ የእናቱን ስልክ የምታነሣው እሷ ሆናለች። እማዬ ተኝታለች፣ እማዬ ጎረቤት ናት፣ እማዬ ገላዋን እየታጠበች ነው። ቪዲዮ ሲላት ኔትወርኩ አይችልም። በዚያ ኔትወርክ ጎረቤቱ ሁሉ ሠርግ በቀጥታ ያያል፣ የእሱ እናት ላይ ሲደርስ አይችልም። ባለፈው ፎቶ ላከ፣ እዚህ መጥቶ ፊቱ ክብ ሆኗል፣ አገጩ ተደርቧል፣ ሱሪ አልዘጋ ብሎታል። ከእናቱ ጋር ሲያወራ ምን አለችው? “ከስተሃል የኔ ጌታ፣ አትበላም እንዴ?” ስለዚህ ፎቶውን አላሳየቻትም፣ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል። ለምን አላሳየቻትም? እናትና ልጅን ለማራራቅ ነዋ። ለምን ታራርቃለች? ባሏ ቤቱን ዓይኑ ውስጥ አስገብቶታል፣ ድሮም አስገብቶታል፣ መሐንዲሱ ሻንጣ ሲሸክፍ ባልየው የግቢውን አጥር በእርምጃ ሲለካ በዓይኑ አይቶታል። እንግዲያው ዛሬ ሁሉም ይጥራ፣ አለ። በማትጠብቀው ሰዓት ደወለ።

“አንተ ልጅ፣ ደህና ነህ? ምነው በዚህ ሰዓት?” አለች እህቱ።

“እማዬን አቅርቢልኝ። በቪዲዮ።”

“ኔትወርኩ አይችልም እኮ።”

“አይችልም ነው ወይስ አልፈለግሽም?”

“ምን ማለትህ ነው?”

“አንቺ ታውቂዋለሽ። ፎቶዬን አታሳዪያትም፣ ስልክ አትሰጫትም። ከባልሽ ጋር የምታስቡትን የማላውቅ እንዳይመስልሽ።”

እንድትጮህበት ጠብቆ ነበር፣ አለመጮኋን አልወደደውም። ከኋላዋ የእናቱ ድምፅ መጣ፤ “ማነው? ማሙሽ ነው? አምጪው እስቲ።” ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ተንኮሻኮሸ።

“ማሙሽዬ፣ በላህ?”

“በላሁ እማ። ደህና ነሽ?”

“ደህና ነኝ፣ ተመስገን። ሹራቡን ትለብሰዋለህ?”

“ይኸው አሁንም ለብሼዋለሁ።”

“ጎሽ። እጅጌውን የጨረስኩት በመጨረሻዋ ቀን ነው፣ አንተ ሻንጣህን ስትዘጋ። የዚያን ቀን ትልቋ የሱፍ መርፌዬ ጠፋችብኝ፣ ይኸው እስከ ዛሬ አልተገኘችም። እህትህ ቤቱን ገለበጠችው። የጎረቤት ልጆች ባዶ እግራቸውን እየሮጡ ይገባሉ፣ አንዱን እንዳትወጋብኝ ብዬ ሐሳብ ገብቶኛል።”

እናቱ ዕድሜዋን ሙሉ ልብስ ሰፊ ነበረች። መርፌ ረስታ አታውቅም። የደንበኛ ልብስ ጨርሳ ከማጠፏ በፊት ስፌቱን አንድ በአንድ በዓይኗ ትከተላለች፣ ቀጥሎ በመዳፏ ትዳስሰዋለች፤ መርፌዬ ሰው ከወጋች ስሜ ነው የሚጠፋው ትላለች። መሐንዲሱ ይህን እያሰበ ሳለ ቀኝ እጁ ቀስ ብሎ ወደ ግራ እጅጌው ሄደ፣ ከታጠፈው ጫፍ ላይ ሁልጊዜ የሚቧጭረውን ቦታ ያዘ። ሱፍ አልነበረም። ደረቅ ነገር ነው፣ ቀጭን፣ በእጥፋቱ ውስጥ በርዝመቱ የተጋደመ።

“እማ፣ የላክሁልሽን ፎቶ አይተሽዋል?”

“አይቼዋለሁ እንጂ።”

“ምን ለብሻለሁ?”

“ልብስ ነዋ የለበስከው። አንተ ደግሞ፣ እንደ ዳኛ ታፋጥጠኛለህ።” ሳቀች፤ ሳቋ ያው የድሮው ሳቅ ነው። እትዬን ስጪልኝ አላት፣ እህቱ ስልኩን ይዛ ወደ ደጅ ስትወጣ የበሩ ማጠፊያ ሲጮኽ ሰማ።

“ታያለች?” አላት።

“ማን ነገረህ?”

“ታያለች ወይ ነው ያልኩሽ።”

“ጥላ ጥላውን ነው። ፊት አትለይም።”

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ሳትሄድ ነው የጀመራት። ከሰማ አይሄድም፣ ብትነግሪው አልወለድኩሽም ብላ አስማለችኝ። ሐኪሙ አሁን ምንም አይደረግለትም አለን። ሹራቡን በዳሰሳ ነው የሠራችው፣ አንተ ለጉዞህ ወዲያ ወዲህ ስትል።”

“እንዴት አትነግሪኝም ታዲያ? እስከዛሬ እንዴት አትነግሪኝም?”

“ብነግርህ ታምነኝ ነበር?” አለችው፤ ቁጣም አልነበረባትም። ደክሟታል። ስልኩን ማን እንደዘጋው አያስታውስም።

መርፌዋን በጥርሱ እየታገዘ ከእጥፋቱ ፈልቅቆ አወጣት። ቀዳዳዋ ሰፊ ነው፣ ጫፏ ለስላሳ ሆኗል። ዘንድሮ ክረምቱን በሙሉ ሰዓቱን፣ ቀበቶውን፣ ቁልፉን በር ላይ እያስቀመጠ፣ በእጁ አንጓ ላይ ብረት አሥሮ ይገባ ነበር። ሰውየው ሲኖር ክፍሉ ይበርዳል፣ ሲበርድ ሹራቡን ይለብሳል፣ ሹራቡን ሲለብስ መርፌዋ ሣጥኑ አጠገብ ትጋደማለች፤ ዝም ብላ ብትጋደም እንኳ ደግ ነበር፣ መሣሪያው ለምዷት ዝርግ ይል ነበር፤ እሱ ግን ሰውየውን ለመጠርጠር ዞር ይላል፣ ሲዞር ክንዱ ይንቀሳቀሳል፣ ክንዱ ሲንቀሳቀስ መስመሩ ይዘላል። ሴንሰሩ እኮ አልዋሸም። ብረት አለ አለ፣ ነበረ። ይንቀሳቀሳል አለ፣ ይንቀሳቀስ ነበር። እሱ ብቻ ነው በየሌሊቱ ወደ ኋላው እየዞረ ሌላ ሰው ሲፈልግ የኖረው። ደግሞስ እናቱን፤ የመጨረሻዋን ሳምንት ሙሉ አጠገቧ ተቀምጦ ስትሠራ ያያታል፣ ቀና ሳትል፣ ጣቶቿ በክሩ ላይ ሲሄዱ፤ በሥራዋ ተመስጣለች ብሎ ነበር።

ከዚያ ሌላ ሐሳብ መጣ፣ ክፉ ሐሳብ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፣ እሱም ኮቴ የለውም። ይህችን መርፌ ያየ ማን አለ? ማንም። በመስኮት ቢወረውራት አለቀ። ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ማስረጃውን ያቀርባል፣ ኮቴ የለሹ ክፍሉን ለቆ ይወጣል፣ ከዚያ በኋላ መስመሩ አይዘልም፤ አያችሁ፣ እሱ ሲሄድ ዝም አለ ይላሉ። ሴንሰሩ ይመረጣል፣ ውሉ ይታደሳል፣ አገርህ ተመለስ የሚለው አይኖርም፤ ደግሞም ለእናቱ ዓይን ሌላ ሐኪም መፈለግ የሚችለው እዚህ ሲሠራ ነው፣ ይህም ሐሰት አይደለም። ተነሥቶ መጋረጃውን ገለጠ፣ ብርሃኑ ዓይኑን ወጋው። መስኮቱን ከፈተ። ታች ግቢው ውስጥ ሣር አለ፣ እዚያ የወደቀች መርፌ እስከ ዕለተ ምጽአት አትገኝም። ክንዱን ወደ ኋላ ሰደደ። ልጆች ባዶ እግራቸውን እየሮጡ ይገባሉ፣ አንዱን እንዳትወጋብኝ፣ አለች እናቱ በጆሮው ውስጥ። ቆመ። ሌላ ሰው ቢሆን ይህች አታቆመውም ነበር፣ እሱ ግን የልብስ ሰፊ ልጅ ነው፣ መርፌ መሬት ላይ ከጣለ እናቱ የትም ብትሆን የምታውቅበት ይመስለዋል። መስኮቱን ዘጋው፣ መርፌዋን በወረቀት ጠቅልሎ በደረት ኪሱ ከተተ፣ ጫማውን አሠረ።

ኮቴ የለሹ ከአለቃዋ ቢሮ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። በቀን አይቶት አያውቅም፤ የቆዳ ጫማ አድርጓል፣ ሲነሣ ጫማው ሲጥጥ አለ። “አንተንም ጠሩህ? ስለ ውላችን ይሆን?” አለው ፈራ ተባ እያለ። “ስለ እኔ ነው” አለ መሐንዲሱ። ሁለቱም ገቡ። መርፌዋን ከወረቀቱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖራት፣ ብርዱን፣ ሹራቡን፣ መዞሩን፣ ካፖርት መፈተሹን፣ ሁሉንም ተናገረ፤ አንደበቱ የተሳሰረ ሰው ዛሬ አልቆም አለ። አለቃዋ መርፌዋን አየች፣ እሱን አየች። “ትናንት ግን ይህ ሰው ሥራዬን አበላሸብኝ ነው ያልከኝ” አለችው፣ ሰውየው ፊት። ማለት ነበረባት።

ኮቴ የለሹ ወደ እሱ ዞረ። “ኪሴንም ፈትሸሃል?”

“ፈትሻለሁ።”

“ካልሲዋንም?”

“ካልሲዋንም።”

“የልጄ ናት። ከመጣሁ በኋላ ነው የተወለደችው፣ አላየኋትም። እናቷ ናት የላከችልኝ።” ከዚያ ወደ መስኮቱ አየ። “ማቀዝቀዣውን ዝቅ አደርግልህ ነበር። በረደኝ ብትለኝ ኖሮ።”

አሳንሰሩን አስቁመው፣ ከባድ መኪናው ጋብ ሲል ሦስቱም ወደ መለኪያው ክፍል ወረዱ፣ ብረታቸውን በር ላይ አራገፉ። መርፌዋ ስትንቀሳቀስ መስመሩ ዘለለ፤ መርፌዋ ስትወጣ ዝርግ ብሎ ተኛ። አለቃዋ ደጋግማ ሞከረችው። “ሴንሰርህ ጎበዝ ነው” አለች በመጨረሻ፣ “የአንተን ነገር ግን አስብበታለሁ።” ኮቴ የለሹ ጫማው ሲጥጥ እያለ በኮሪደሩ ሄደ፣ ደህና ዋልም አላለው። ይገባዋል። መሐንዲሱ ደረጃው ላይ ተቀመጠ፤ ስልኩን አወጣ። እህቱ አነሣች። ይቅርታ ሊላት አሰበ፣ “እትዬ” ብቻ አለ። “አውቃለሁ፣ በቃ” አለችው፣ ለእናቱ አቀበለቻት።

“እማ፣ መርፌሽ ተገኘች።”

“የት?”

“እጅጌዬ ውስጥ። እጥፋቱ ውስጥ።”

ከግቢው የልጆች ጩኸት ይሰማል። ቅድም ጠፋችብኝ ያለችውን እሷም ታስታውሳለች፣ እሱም ያስታውሳል።

“ታዲያ ምን ይገርምሃል፣ ሆን ብዬ ነው ያስቀመጥኩልህ” አለች። “ሰው አገር ቁልፍ ቢበጠስብህ ማን መርፌ ያቀብልሃል ብዬ ነው።”

“እኔም እንደዚያ መስሎኛል።”

“ክር አስገብቼባት ነበር። አለ ክሩ?”

“አለ እማ” አላት። መርፌዋ ባዶዋን ነበረች።